ዕድሜ፣ ጾታ እና የጭንቀት ሆርሞን፦ ከትሪየር ቤተ ሙከራ እስከ ገሱባ የእንሰት ጓሮ

ሰው ከእንቅልፉ በነቃ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን የዕለቱ ከፍተኛ መጠን ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ እየቀነሰ ይሄድና እኩለ ሌሊት ገደማ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይወርዳል። በወላይታ ዞን፣ በኦፋ ወረዳ፣ በገሱባ ከተማ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ይህ የንጋት ሆርሞን ሲያሻቅብ ብዙዋ እናት እሳት አያይዛ፣ ጀሪካኗን በጀርባዋ አዝላ ወደ ምንጭ ወርዳለች። ባሏም ከብቱን ፈትቶ ወይም መቆፈሪያውን ይዞ ወጥቷል። የሁለቱም ሆርሞን አንድ ዓይነት ነው፤ የሚያመነጨው ዕጢም፣ ትዕዛዙ የሚመጣበት መንገድም አንድ ነው። የሚለያየው መጠኑ፣ የሚቀሰቅሰው ምክንያትና ዕድሜ ሲገፋ የሚይዘው አቅጣጫ ነው።

ስለ ሴትና ወንድ ጭንቀት ማኅበረሰቡ ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል። ሴቷ "ሆደ ባሻ" ትባላለች፤ ወንዱ "ወንድ ልጅ አያለቅስም" እየተባለ ያድጋል። ላለፉት 30 ዓመታት በምራቅ፣ በደም፣ በሽንትና በፀጉር የተደረጉ ልኬቶች ግን ሁለቱንም ፍርዶች አይደግፉም። በወጣትነትና በጎልማሳነት ዘመን በፈተና ጊዜ ኮርቲሶሉ ይበልጥ የሚያሻቅበው ብዙውን ጊዜ ወንዱ ነው። በእርግዝና ወቅት የሴቷ መጠን ወንዱ በደህናው ቀን ፈጽሞ የማያውቀው ከፍታ ላይ ይወጣል። በእርጅና ደግሞ ሚዛኑ ወደ ሴቷ ያጋድላል። ልዩነቱ እንደ ዕድሜው የሚገለባበጥ ከሆነ፣ የጤና አገልግሎቱም ለሴቱም ለወንዱም በየትኛው ዕድሜ ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል።

ሆርሞኑና ሥራው

ኮርቲሶል የሚመነጨው ከሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ ከተቀመጡት አድሬናል ከተባሉ ትናንሽ ዕጢዎች ነው። ትዕዛዙ ከላይ ይመጣል። በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ መልእክት ይልካል፤ ፒቱታሪ በደም በኩል ለአድሬናል ያስተላልፋል፤ አድሬናል ኮርቲሶልን ይለቃል። መጠኑ ሲበዛ ሆርሞኑ ራሱ ወደ አንጎል ተመልሶ "ይበቃል" የሚል ምልክት ይሰጣል። ይህ የመመለሻ ምልክት ሲዳከም ሰውነት አደጋው ካለፈም በኋላ በተጠንቀቅ ይቆያል።

ኮርቲሶል በራሱ ጠላት አይደለም። በጾምና በረሃብ ጊዜ የደም ስኳር እንዳይወድቅ ያደርጋል፤ የደም ግፊትን ይደግፋል፤ ሲቆጣ ሥጋን የሚጎዳውን የሰውነት መከላከያ ያበርዳል። ኤድዋርድ ኬንዳል፣ ፊሊፕ ሄንችና ታዴውስ ራይሽታይን እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በአድሬናል ሆርሞኖች ላይ ባደረጉት ምርምር ነው፤ የሄንችና የኬንዳል ቡድን የኮርቲሶል የቅርብ ዘመድ በሆነው ኮርቲዞን የመገጣጠሚያ ሕመምተኞችን ማከም ችሎ ነበር። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1936 በካናዳ ሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ሃንስ ሴልዬ ብርድም ይሁን መርዝ ወይም ድካም አይጦች ላይ ሲያደርስ የአድሬናል ዕጢዎቻቸው እንደሚያብጡ፣ ጨጓራቸውም እንደሚቆስል በአጭር ጽሑፍ አሳውቆ ነበር። ዛሬ የጭንቀት ሳይንስ የምንለው ዘርፍ ከዚያች ጽሑፍ ብዙ ቀድቷል።

ችግሩ የሚመጣው ሆርሞኑ ለወራትና ለዓመታት ከልኩ ሲወጣ ነው። ያኔ አጥንት ይሳሳል፣ እንቅልፍ ይዛባል፣ የደም ግፊትና ስኳር ከፍ ይላል፣ ማስታወስ ይደክማል። መውጣት ሲባልም ሁልጊዜ ወደ ላይ ማለት አይደለም። ግሪጎሪ ሚለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ጥናቶችን አጣምረው ሲመረምሩ፣ ችግሩ ገና ሲጀምር ኮርቲሶል እንደሚያሻቅብ፣ ችግሩ ሥር ሰድዶ ዘመን ሲቆጥር ግን ከወትሮው በታች ሊወርድ እንደሚችል አሳይተዋል። ለዓመታት የተሸከመ ሰው በልኬት "ደህና" ወይም "ዝቅተኛ" ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ከልጅነት እስከ አቅመ ሄዋንና አቅመ አዳም

በሕፃናት ዘንድ በሴትና በወንድ መካከል ያለው የኮርቲሶል ልዩነት ትንሽ ነው፤ ውጤቱም በደም፣ በምራቅ ወይም በሽንት እንደመለካቱ ይለዋወጣል። ልዩነቱ ጎልቶ መታየት የሚጀምረው ከአቅመ ሄዋንና ከአቅመ አዳም በኋላ ነው። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን፣ በወንዱም ቴስቶስትሮን፣ በጭንቀት ሥርዓቱ ሥራ ውስጥ እጃቸውን ያስገባሉ። በብዙ አገሮች የድብርት ሕመም በሴቶች ላይ በወንዶች ካለው ወደ ሁለት እጥፍ ማደግ የሚጀምረውም በዚሁ ዕድሜ ነው።

ይህ ዕድሜ በኢትዮጵያ የሆርሞን ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጅማና አካባቢዋ ከ2,000 በላይ ታዳጊዎችን ያሳተፈው የክሬግ ሃድሊ፣ የዴቪድ ሊንድስትሮም፣ የፋሲል ተሰማና የተፈራ በላቸው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲታተም፣ ምግብ በሚያጥራቸው ቤቶች ውስጥ ልጃገረዶች ከወንዶቹ ይልቅ የምግብ እጦት እንደሚደርስባቸው አሳይቷል። ጎተራው አንድ ሆኖ ሳለ እጥረቱ እኩል አይከፈልም። ረሃብ ራሱ ኮርቲሶልን ከፍ ከሚያደርጉ ነገሮች አንዱ በመሆኑ፣ ልጃገረዲቱ ሆርሞኗ መለወጥ በጀመረበት ወቅት ከወንድሟ የበለጠ ጫና ትቀበላለች።

ወላይታ ረሃብን በቅርብ የሚያውቅ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሕዝብ ቆጠራ ዞኑ 1.5 ሚሊዮን ሰው ነበረው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ማለት ነው። የብዙ ገበሬ ማሳ ግማሽ ሔክታር አይሞላም። ዝናብ ሲዛነፍ መሬቱ አረንጓዴ እንደለበሰ ጎተራው ባዶ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2008 "አረንጓዴ ረሃብ" የተባለው ይኸው ነው። የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ ጠባሳ የተከታተሉት ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ረሃቡ በከፋበት ጊዜ ገና ጨቅላ የነበሩ ልጆች አድገው ከእኩዮቻቸው ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር አጥረው መገኘታቸውን አሳይተዋል። መረጃው የተወሰደበት የገጠር ቤተሰቦች ጥናት ለዓመታት ከተከታተላቸው መንደሮች አንዷ የወላይታዋ ጋራ ጎዶ ናት።

አምስት ደቂቃ ንግግር፣ አምስት ደቂቃ ሒሳብ

የሴትና የወንድ ልዩነት በሰፊው የተለካው በጀርመን ትሪየር ከተማ በተወለደ ፈተና ነው። ክሌመንስ ኪርሽባውም፣ ካርል ማርቲን ፒርከና ዲርክ ሄልሃመር እ.ኤ.አ. በ1993 ያስተዋወቁት ይህ ፈተና አሠራሩ ቀላል ነው። ተፈታኙ ፊታቸውን የማይፈቱ ዳኞች ፊት ይቆማል። ሥራ እንደሚያመለክት ሰው ስለ ራሱ አምስት ደቂቃ ይናገራል። ከዚያ ከ1,022 ጀምሮ 13 እየቀነሰ እንዲቆጥር ይታዘዛል፤ ከተሳሳተ "ከ1,022 እንደገና ይጀምሩ" ይባላል። በመሃል ምራቁ በጥጥ እየተወሰደ ይለካል። በአብዛኞቹ ሰዎች ላይ በምራቅ ውስጥ ያለው ኮርቲሶል ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ይጨምራል።

ይህ ፈተና በብዙ አገር ተደጋግሟል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ድምር እንዳሳየው ወንዶች በጭንቀቱ ጣሪያም ሆነ በማገገሚያው ሰዓት ከሴቶች ከፍ ያለ የምራቅ ኮርቲሶል አላቸው። ስሜታቸውን ሲጠየቁ "ጨነቀኝ" የሚሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሴቶቹ ናቸው። አንደበትና ዕጢ አንድ ነገር አይናገሩም። "ምንም አልሆንኩም" በሚለው ወንድ ደም ውስጥ ሌላ ታሪክ ሊኖር ይችላል።

ኪርሽባውምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ጥልቁ ገቡ። ሴቶቹን በወር አበባ ዑደታቸው ከፍለው ሲያዩ፣ በዑደቱ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ያሉት እንደ ወንዶቹ ያለ ምላሽ ሰጡ። በመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ያሉትና የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱት ዝቅ ያለ ምላሽ አሳዩ። ምክንያቱ በከፊል በደም ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ነው። ከኮርቲሶል 90 በመቶ ያህሉ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይጓዛል፤ ሥራ የሚሠራው ያልተጣበቀው ጥቂት ክፍል ነው። ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል ይህን ፕሮቲን ያበዛዋል። ስለዚህ በጠቅላላ የደም ምርመራ "ብዙ ኮርቲሶል" የተገኘባት ሴት ለሥራ ነፃ የሆነው ኮርቲሶሏ ትንሽ ሊሆን ይችላል።

ይህ ግኝት ለገሱባ እናት ምን ያህል ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ካገቡት ሴቶች ከመቶ 23ቱ በመርፌ የሚሰጥ የወሊድ መከላከያ ሲጠቀሙ፣ እንክብል የሚወስዱት ከመቶ ሦስት አይበልጡም። መርፌው ኢስትሮጅን የለበትም። በዚያው ጥናት የገጠር ሴት በአማካይ አምስት ልጅ ትወልዳለች፤ ልጅን ማጥባቱም ወደ ሁለት ዓመት ይዘልቃል። አምስት እርግዝና በዘጠኝ ወር፣ አምስት ጡት በሁለት ዓመት ሲታሰብ ወደ 165 ወራት፣ ማለትም 14 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የገጠሯ ሴት የመውለጃ ዘመኗን ሰፊ ክፍል የምታሳልፈው ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ ሆና ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የወር አበባ ዑደት ቆጥሮ የተሠራው መስመር የእሷን ሕይወት አይገልጽም። የእሷን ሆርሞን ለመረዳት እርግዝናዋንና ጡት ማጥባቷን ማየት ያስፈልጋል።

ዘጠኙ ወር

በእርግዝና የመጨረሻ ወራት የእናት ኮርቲሶል ከወትሮው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። የእንግዴ ልጁ ራሱ እንደ አንጎል ትዕዛዝ ሰጪ ሆኖ የጭንቀት ሥርዓቱን የሚቀሰቅስ ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ለጤና ነው፤ የፅንሱ ሳንባ እንዲበስል ያስፈልጋል። በዚያው ላይ እንግዴ ልጁ የእናቲቱን ኮርቲሶል ወደማይሠራ ቅርጽ እየለወጠ ፅንሱን የሚከልል ኤንዛይም አለው። በለንደን በተደረገ ጥናት ከመውለዳቸው በፊት በጣም ይጨነቁ በነበሩ እናቶች እንግዴ ልጅ ውስጥ ይህ መከላከያ ተዳክሞ ተገኝቷል።

በኢትዮጵያ የነፍሰ ጡር እናቶችን ጭንቀት በስፋት የተከታተለው ሥራ የተካሄደው ቡታጅራ ነው። ሻርሎት ሃንሎን፣ ግርማይ መድህን፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ከእርግዝና እስከ ወሊድና ከዚያም ወዲያ ተከታተሉ። መሣሪያቸው ቤተ ሙከራ አልነበረም፤ 20 "አዎ" ወይም "አይደለም" የሚባልባቸው ጥያቄዎች ነበሩ። ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማልቀስ፣ ሥራ መክበድ ይጠየቃል። ከእናቶቹ ከመቶ 12 ያህሉ ከፍ ያለ የሕመም ምልክት ነበራቸው። እነዚህ እናቶች ምጣቸው ከአንድ ቀን በላይ የመርዘም፣ ሕፃኑንም ጡት ማስያዝ የመዘግየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ።

የሁለተኛው ውጤት ክብደት ከሆርሞኑ አንጻር ሲታይ ይጎላል። ጡት ማጥባት በእናቲቱ ላይ የኮርቲሶልን ምላሽ እንደሚያረጋጋ በአሜሪካም በጀርመንም በተደረጉ ሙከራዎች ታይቷል። ጭንቀት ማጥባቱን ሲያዘገይ፣ እናቲቱ ከሰውነቷ የምታገኘውን እረፍትም ያዘገይባታል።

በዚያው በቡታጅራ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ውስጥ ከ3,000 በላይ ሴቶች ተጠይቀው ነበር። ባል ወይም ጓደኛ ካላቸው ወይም ከነበራቸው 71 በመቶዎቹ በሕይወታቸው ከእሱ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ በጥናቱ ከተካተቱት ሥፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። በጃፓን ከተማ የተገኘው 15 በመቶ ነበር። ንጉሴ ደየሳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት በቡታጅራ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ለድብርት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ከዚህ በኋላ የሴትን ጭንቀት በተፈጥሮዋ ብቻ ማሳበብ አይቻልም።

እንሰት፣ ውሃና ሹመት

በወላይታ እንሰት የቤቱ ዋስትና ነው፤ የእንሰት ሥራ ደግሞ የሴት ነው። የተቆረጠውን ግንድ ንጣፍ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ታስደግፋለች። በአንድ እግሯ ጫፉን ወደ ላይ ይዛ፣ በሁለት እጇ መፋቂያውን ከላይ ወደ ታች ትገፋለች። ነጩ ዝቃጭ በቅጠል ላይ ይወርዳል፤ ቃጫው ለብቻው ይቀራል። ሥሩ ይከተከታል፣ ሁሉም ተቀላቅሎ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቦካል። ወገብና ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ነው፤ ነፍሰ ጡርም፣ አራስነቷን የጨረሰችም፣ አሮጊትም ትሠራዋለች።

ውሃው ሌላ ሸክም ነው። በደቡብ ጎንደር ኤድዋርድ ስቲቨንሰን፣ አርጋው አምበሉ፣ ይኸነው ዓለሙ ተስፋዬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት የውሃ እጦት በበረታባቸው ቤቶች ያሉ ሴቶች የአእምሮ ጭንቀታቸውም የበረታ ነበር። በአርሲ ደግሞ ምኸይሪ ጊብሰንና ሩት ሜስ የውሃ ቧንቧ መግባት የሴቶችን የመሸከም ድካም ሲቀንስ በመንደሩ የወሊድ ቁጥር መጨመሩን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይተዋል። የሴት ጉልበት ሲቆጠብ ሰውነቷ ወዲያው መልስ ይሰጣል።

ለሴቶች ተብሎ የተሰጠ ኃላፊነትም ጫና ሊሆን ይችላል። በአማራ ክልል ገጠር ኬኔት ሜስና ባልደረቦቹ የሴቶች ልማት ሠራዊት መሪዎችን ከጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። ያለ ክፍያ አንድ ለአምስት እያደራጁ ጤና የሚያስተምሩት መሪዎች ከተራዎቹ ሴቶች የበለጠ ጭንቀት ነበረባቸው። ስለ እናቶች ጤና ሲታሰብ ይህን ሥራ የሚሸከመው ሰውም እናት መሆኑን መርሳት አይገባም።

ወንዱ የት አለ?

ላውራ ስትራውድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ወጣቶች ላይ ሁለት ዓይነት ጫና ሞክረው ነበር። አንደኛው ሒሳብና የቃል ትውስታ ነው፤ ሁለተኛው ተፈታኙን ቀስ በቀስ ከጭውውታቸው ከሚያገልሉ ሁለት ሰዎች ጋር መቀመጥ ነው። ወንዶቹ ኮርቲሶላቸው ያሻቀበው በመጀመሪያው፣ ሴቶቹ በሁለተኛው ነበር። ሼሊ ቴይለርም ከሁለት ዓመት ቀደም ብላ ሴቶች ሲጨነቁ ከመፋለም ወይም ከመሸሽ ይልቅ ልጆቻቸውን ወደ መያዝና ከወዳጅ ጋር ወደ መጠጋት እንደሚያዘነብሉ ጽፋ ነበር።

ወደ ኦፋ ሲመጣ ሁለቱም ጫናዎች መልክ አላቸው። ሴቷ ስታገባ ከጎሳዋ ወጥታ በባሏ ዘመዶች መካከል ትኖራለች፤ መገለል እሷን የሚያገኛት እዚያ ነው። ወንዱ የሚለካው ቤት በመሥራት፣ መሬት በማግኘት፣ ጥሎሽ በመክፈል ነው። መሬቱ ግን አባቱ ለወንድማማቾች አካፍሎት ሰው ለማኖር የማይበቃ ሆኗል። ቀድሞ የወላይታ ወጣት ወደ ወንጂና መተሐራ የሸንኮራ እርሻ ይሄድ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ከሊስትሮው ሳጥን አጠገብ ከተቀመጡት ልጆች ብዙዎቹ የወላይታ ልጆች ናቸው፤ ከሚያገኙት ለቤተሰብ ይልካሉ።

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ በውስጡ የሚቀረው ኮርቲሶል የወራትን ጫና ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የጥናቶች ድምር ወንዶች በፀጉራቸው ከሴቶች የበለጠ ኮርቲሶል እንዳላቸው አሳይቷል። በድብርት የሚታከሙት በብዛት ሴቶች ሲሆኑ፣ በዓለም ደረጃ ራሳቸውን በማጥፋት የሚሞቱት ወንዶች ከሴቶቹ ከእጥፍ በላይ ናቸው። ሴቷ ነፍሰ ጡር ስትሆን ቢያንስ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ ወጣቱን ወንድ የሚጠይቀው በር የለም።

ማረጥና እርጅና

ኤቭ ቫን ኮተርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 የሰዎችን ደም ቀንና ሌሊት እየቀዱ ሲለኩ፣ ከ20 እስከ 80 ዓመት ባለው ዕድሜ አማካይ የኮርቲሶል መጠን በሁለቱም ጾታዎች ከ20 እስከ 50 በመቶ እንደሚጨምር አገኙ። ከማረጣቸው በፊት ያሉ ሴቶች ከእኩያ ወንዶች ጥቂት ዝቅ ይሉ ነበር፤ የጠዋቱ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ በመሆኑ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የሌሊቱ ዝቅተኛ መጠን ከፍ እያለ ሄዷል። በሌሊት መውረድ የሚገባው ሆርሞን አለመውረዱ እንቅልፍን ከሚሰርቁት ነገሮች አንዱ ነው።

ክርስቲያን ኦተና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 የ45 ጥናቶችን ውጤት ሲያጣምሩ አረጋውያን በፈተና ጊዜ ከወጣቶች የበለጠ ኮርቲሶል እንደሚለቁ አረጋገጡ። ዕድሜ በሴቶች ላይ ያለው ተጽዕኖ ግን በወንዶች ላይ ካለው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነበር። ኢስትሮጅን ሲሄድ "ይበቃል" የሚለው የመመለሻ ምልክት መዳከሙ አንዱ ማብራሪያ ነው። የካናዳዋ ሶንያ ሉፒየን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳየው፣ በዓመታት ክትትል ኮርቲሶላቸው ከፍ እያለ የሄደ አረጋውያን ለትውስታ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍላቸው በ14 በመቶ ያነሰ ነበር።

ይህ ሁሉ በአሮጊቷ የገጠር ኑሮ ላይ ሲታሰብ ከባድ ነው። ባሏ ሞቷል፤ ልጇ አዲስ አበባ ነው፤ የልጅ ልጆችን የምታሳድገው እሷ ናት። ራስ ምታት፣ ወገብ፣ እንቅልፍ ማጣት ስትል "ያው እርጅና ነው" ተብላ ትመለሳለች። እርግዝና ክትትል አለው፣ ሕፃን ክትባት አለው። የጭንቀት ሥርዓቷ እንደገና የሚናጋባት የማረጥ ዘመን ላይ ያለች ሴት ግን በቀጠሮ የሚያያት የለም።

ያለው በርና የጎደለው ጥያቄ

ኮርቲሶልን በየጤና ጣቢያው መለካት መፍትሔ አይደለም። ልኬቱ በሰዓት፣ በእርግዝና፣ በመድኃኒት ይዛባል፤ ለረጅም ዘመን የተሸከመ ሰው ደግሞ ዝቅተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ምርምሩ ለጤና አገልግሎቱ የሚያበረክተው ጊዜን ማሳየቱ ነው። በእርግዝና የመጨረሻ ወራት፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ በማረጥ አካባቢ፣ ወጣት ወንዶች ቤታቸውን ትተው በሚወጡበት ዕድሜ ጥያቄው መቅረብ አለበት።

በሩ በከፊል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአንድ እርግዝና ቢያንስ ስምንት ጊዜ ባለሙያ እንዲያያት ይመክራል። በኢትዮጵያ ቢያንስ አራት ጊዜ የታዩ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 32 በመቶ፣ በ2019ኙ ደግሞ 43 በመቶ ነበሩ። ክብደቷ፣ ደም ግፊቷ፣ የደም ማነሷ ይታያል። በዚያው ወንበር ላይ ከቡታጅራዎቹ ጥናቶች ጥያቄዎች መካከል ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ማልቀስ፣ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የሚጠይቁት ቢጨመሩ የሚያስፈልጉት ደቂቃዎችና ሚስጥር የሚጠብቅ ክፍል ነው። ኦፋ ላይ ጥያቄው በወላይትኛ መቅረብ ይኖርበታል፤ ባልና አማት በሌሉበትም መሆን አለበት።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ክሊኒክ የማትሄደውን አሮጊት የሚያገኟት እነሱ ናቸው። የቤት ጉብኝታቸው ዝርዝር ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ ያሉ ሴቶች እንቅልፍና ስሜት እንዲገባ ማድረግ በወረዳ ደረጃ ሊወሰን የሚችል ነገር ነው። ከበድ ያለውን ሕመም ለማስተላለፍ ወላይታ ሶዶ ላይ ኦቶና ሆስፒታል አለ፤ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ባለሙያ ያሠለጥናል። ወጣት ወንዶቹን በተመለከተ ደግሞ ከቀያቸው ሲወጡ የሚያልፉባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፦ የመጨረሻው የትምህርት ክፍል፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው፣ በአዲስ አበባ ለሊስትሮዎች ማደሪያ የሆኑት የጋራ ክፍሎች። በእነዚህ ቦታዎች ጤናን የሚመለከት ሥራ የሚሠሩ ሁሉ "እንቅልፍህ እንዴት ነው? ሰው ጋ ትነጋገራለህ?" ብለው እንዲጠይቁ ማሠልጠን አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ ኃላፊነቱን የሚወስድ ቢሮ ግን ይፈልጋል።